የሮቢ ወንዝን አሮጌ ካርታዎች ለወረዳችን ላኩልን

ይድረስ ለስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከሰሜን ሸዋ ቆላ፣ ከሸዋ ሮቢት ነው። ልመናዬ አንድ ነው። ከቀድሞው የካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ የተረከባችኋቸውን የአካባቢያችንን አሮጌ ካርታዎች ኮፒ ላኩልን። ማንም ገበሬ ወረዳው ድረስ ሄዶ ያለ ክፍያ ይያቸው።

እዚህ ሽንኩርቱም ማሾውም ወንዝ ይወዳል። ወንዙ ግን አንድ ቦታ አይረጋም። ደጋው ላይ ሲዘንብ ሮቢ ሞልቶ ይወርዳል፤ በአንድ በኩል ማሳ ይበላል፣ በሌላው ደለል ይተዋል። የመሬት ደብተሩ ላይ ደግሞ አዋሳኙ "ወንዝ" ተብሎ ተጽፏል። የቱ ወንዝ? ደብተሩ ሲጻፍ የነበረው ወይስ የዛሬው? ደለል የተረፈው ሰው "የኔ ነው" ይላል። ማሳው የተበላበት "መሬቴ ማዶ ተሻገረ" ይላል። ሁለቱም አይዋሹም። ነገሩ ወደ ሽማግሌ ይሄዳል፤ የድሮውን የሚያስታውሱ አባቶች ግን እያለቁብን ነው።

የ1 ለ50,000 ካርታ የተሠራው ከአውሮፕላን ከተነሱ ፎቶዎች ነው። ካርታው ላይ 1 ሚሊሜትር መሬት ላይ 50 ሜትር ስለሆነ የጎረቤታሞችን ድንበር አይለይም፤ ለዚያ አልፈልገውም። ወንዙ በየት በኩል ይሄድ እንደነበር ግን ያሳያል። ለሽማግሌዎቹ ትልቅ እገዛ ነው። የመስኖ ቦይ የሚቀይስ ባለሙያም አሮጌውን የወንዝ መሄጃ ቀድሞ ቢያውቀው ይጠነቀቃል። ሙላት ሲመጣ ውሃው በዚያው ሊመለስ ይችላልና።

በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የተነሱ የአየር ፎቶዎችም አሉ። ከ8,000 በላይ ሰሌዳዎች ላይ ተለጥፈው አዲስ አበባ ካርታ ሥራዎች ግቢ ተገኝተዋል። የእኛ አካባቢ ከመካከላቸው ካለ እሱንም ጨምሩልን። ጠላት ያነሳው ቢሆንም መሬቱ የአያቶቻችን ነው፤ ማየት ይገባናል።

አደራ፣ አንድ ሉህ ብቻ እንዳትልኩ። ሸዋ ሮቢት 10ኛው ዲግሪ የኬክሮስ መስመር አጠገብ ስለሆነች ግማሹ አካባቢ ቁጥራቸው በ0939፣ ግማሹ በ1039 በሚጀምሩት የካርታ ሉሆች ላይ ይወድቃል። ሁሉንም በአንዴ ስካን ማድረግ ከከበዳችሁ ወንዝ ዳር ያሉትን ወረዳዎች አስቀድሙ፤ ከቀወት ጀምሩና ወደ ኤፍራታና ግድም ቀጥሉ። ክረምት ሳይገባ ቢደርስልን ለዘንድሮው ሙላት ይጠቅመናል።

ከአክብሮት ጋር
የሸዋ ሮቢት ነዋሪ