ለማስተርስ ስትጠሩን የሚሠራውን መሣሪያም ንገሩን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

አዳማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ክረምት ሲመጣ የድኅረ ምረቃ ማስታወቂያ በየቴሌግራሙ ይዘንባል። የመግቢያ ፈተናው አለ፣ የማመልከቻ ክፍያው አለ። ላቦራቶሪው ውስጥ የትኛው መሣሪያ እንደሚሠራ ግን አንድ መስመር እንኳ የለም።

እኔ ማስተርሴን የሠራሁት፣ ስሙ ይቅርና፣ ሌላ ከተማ ባለ ዩኒቨርሲቲ ነው። ርዕሴ በጎመን ውስጥ ያሉትን መርዛማ ብረቶች፣ እርሳስንና (ሌድ) ካድሚየምን፣ መለካት ነበር። ፕሮፖዛሉ ጸደቀ። ጎመኑን አደረቅሁ፣ ፈጨሁ፣ በአሲድ አሟሟሁ። ልለካ ስል ብረትን በብርሃን የሚለካው መሣሪያ፣ የአቶሚክ አብዞርፕሽኑ፣ የእርሳስ መብራት ተቃጥሏል ተባለ። መሣሪያው ለየብረቱ የየራሱን መብራት ይፈልጋል፤ የመዳቡ ለእርሳስ አይሆንም። ጠርሙሶቼን በካርቶን አሽጌ አዲስ አበባ ሄድኩ፤ ሒሳቡም ከኪሴ ወጣ። የመምህር ደመወዝ ስንት እንደሆነ ለአንባቢ አልናገርም።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ወንጂ እዚሁ አፍንጫችን ሥር አለ። ሆላንዶቹ ስኳር ፋብሪካውን በ1946 ዓ.ም. ሥራ ካስጀመሩት በኋላ የጉድጓድ ውኃ ሲጠጣ የኖረው ሠራተኛና ልጆቹ ጥርሳቸው በልዟል። አጥንቱ ተጎድቶ ጎብጦ የቀረም አለ። ጥፋተኛው ከአለት ወደ ጉድጓድ ውኃው የሚገባው ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም አይለፍ ይላል፤ በስምጥ ሸለቆ ይህን የሚያልፈው ጉድጓድ ብዙ ነው።

ይህን ለመለካት ደግሞ ያን ያህል ውድ ማሽን አያሻም። የፍሎራይድ ኤሌክትሮድ (ውኃ ውስጥ ተነክሮ ፍሎራይድን የሚለካ ዘንግ)፣ ባፈር (የውኃውን አሲድነት የሚያስተካክል ፈሳሽ)፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ፤ በቃ። ፍሎራይዱን ከውኃው የሚያስቀረው ማጣሪያም ከከብት አጥንት ከሰል ይሠራል። አጥንቱ ሲቃጠል ሙቀቱ ከበዛ ፍሎራይድ የመያዝ አቅሙ ይወርዳል፤ ካነሰ ውኃው ይሸታል። ልኩ የቱ ጋ ነው? ያገለገለውስ እንዴት ይታደሳል? ይህ ብቻውን የሁለት ተማሪ መመረቂያ ይወጣዋል። እናቴ ነገሩን ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ከብቱን ያረደው ማን ነው?» ብላ ነው። እሱም ጥናት ያስፈልገዋል፤ የኬሚስትሪ ባይሆንም።

ስለዚህ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍሎች ሆይ፣ ማስታወቂያችሁ ላይ ሦስት ነገር ጨምሩልን። የሚሠራው መሣሪያ የትኛው ነው? የኬሚካሉንና የናሙናውን ወጪ ማን ይችላል? የትኛው አማካሪ በምን ርዕስ ላይ ተማሪ ይቀበላል? ያላችሁ ኤሌክትሮድ ብቻ ከሆነም እሱኑ ጻፉ። የወንጂን ውኃ በጠርሙስ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ከእኛ ትምህርት ቤት አይጠፋም።

የኬሚስትሪ መምህር
ከአዳማ