የርእሰ መምህሩ ጫማ ጀበና የተባለበት ዓመት፦ የአይሲቲ ክበብ ዘገባ

መስከረም ላይ ሲመዘገቡ 41 የነበሩት የክበባችን አባላት ሰኔ ላይ 23 ደርሰዋል። ካቋረጡት አብዛኞቹ የኮምፒውተር ጨዋታ የምንጫወት መስሏቸው የመጡ ነበሩ። አልፈርድባቸውም፤ በሰባት ኮምፒውተር፣ ያውም ዓርብ ከሰዓት መብራት እየጠፋ፣ መሥራት ትዕግሥት ይጠይቃል።

የዓመቱን ሥራ የሰጠን አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነው። «ካሜራ ያለው ኮምፒውተር ሁሉ ያያል ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። በቃል ከመመለስ የግራፍ ወረቀት ማምጣት መረጥሁ። በቁመት 28፣ በአግድም 28 ካሬ ለየን። አንዷ አባል ለማንም ሳታሳይ ፊደል ጻፈችበትና ለእያንዳንዱ ካሬ እንደ ጥቁረቱ ከ0 እስከ 255 ቁጥር ሰጠችው። ከዚያ ማንበብ ጀመረች፤ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አርባ፣ ሁለት መቶ አሥር… በድምሩ 784 ቁጥር። ደወል ተደወለ፤ ፊደሉን ያወቀ አልነበረም። ካሜራ ለኮምፒውተር የሚያቀብለው ይህንኑ የቁጥር ጎርፍ ነው። የማየት ሥራ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ፊደሉ «ቡ» ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት እያንዳንዱ አባል «ቡ»ን እና «ቢ»ን ሃያ ሃያ ጊዜ ጻፈ። በቀኝ እግሩ ላይ የምትቀጠለው ጭረት በ«ቡ» ከወገቡ፣ በ«ቢ» ከግርጌው ትውላለች። በችኮላ ሲጻፍ ግን መሃል ላይ ትቀራለች። ሁለቱን ፊደላት እንዲለይ የሠራነው ፕሮግራም እነዚህ ላይ ሲደርስ ዕጣ እንደሚያወጣ ሰው አንዴ «ቡ»፣ አንዴ «ቢ» ይላል። ያንኑ አጠራጣሪ ፊደል ከ«ና» በፊት አድርጌ ሰሌዳ ላይ ጻፍሁት። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ቡና!» አለ። «ቢና» ያለ አንድም ሰው የለም። ዓይናቸው ያልለየውን የሚያውቁት ቃል ሞላላቸው። ዘንድሮ ስለ ማየት ያስተማርሁት ነገር ካለ፣ በዚያች አንዲት ጭረት ነው።

ይህን ሁሉ ጥር ላይ እንጨርሳለን ብለን ነበር። እኛ ብቻ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲይሞር ፓፐርት ባረቀቁት ዕቅድ፣ የማየት ችሎታን ጉልህ ክፍል በአንድ ክረምት ኮምፒውተር ላይ ለመሥራት ታስቦ ነበር። ይኸው ሥራው እስከ ዛሬ አላለቀም።

ወደ ወላጆች ቀን ልምጣ፤ ከእኔ ቀድሞ ግቢው ሁሉ አውርቶታልና። ልጆቹ ፎቶ እያሳዩ ጀበና፣ ስኒና መጽሐፍ የሚለይ ፕሮግራም አሠልጥነው ነበር። በቤተ ሙከራ ሲሞከር አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። በዕለቱ አዳራሹ ተጎዝጉዟል፤ ወላጆች ተቀምጠዋል። ካሜራውን የያዘው ልጅ በድንጋጤ እጁ ወደ ታች ሲወርድበት የርእሰ መምህራችን ጥቁር ጫማ ስክሪኑን ሞላው። ፕሮግራሙም ጻፈ፦ ጀበና፣ 97 በመቶ። ርእሰ መምህራችን ከሁላችንም ቀድመው ሳቁ፤ ተመስገን። ከዚያ የወንበር እግር ጀበና ሆነ፣ ስኒውም ጀበና ሆነ። በመጨረሻ አንዷ ልጅ ሁሉን ነገር ከፊቱ አንሥታ ባዶውን መሬት አሳየችው። ጀበና አለ።

ለካ የጀበናውን ፎቶ በሙሉ ያነሣነው በመምህራን ላውንጅ፣ ቄጤማ ላይ ተቀምጦ ነው። ስኒውና መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ፕሮግራሙ የተማረው ቄጤማውን ነው፤ ጀበናውን ልብም አላለው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ፎቶው ሲነሣ አጠገባቸው ቡና እየጠጣሁ ነበር።

ሰኞ ዕለት ልጆቹ አፍረው መጡ። እኔም የኮምፒውተር ተመራማሪዎቹን የጆይ ቡኦላምዊኒንና የትምኒት ገብሩን የ2018 (እ.ኤ.አ.) ጥናት አነሣሁላቸው። ከፎቶ የሰውን ጾታ የሚለዩ፣ ለገበያ የቀረቡ ፕሮግራሞችን ፈትሸው ነበር። ስሕተቱ ቆዳቸው ነጣ ባለ ወንዶች ላይ ቢበዛ 0.8 በመቶ ሲሆን፣ ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደርሷል። መመዘኛ የነበሩት የፊት ፎቶ ስብስቦችም በብዛት ነጣ ባሉ ሰዎች የተሞሉ ነበሩ። ትምኒት ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ መሆኑን ስነግራቸው ከኋላ ወንበር ጭብጨባ ተሰማ።

ግንቦት ላይ «ኮምፒውተር ወደፊት እንደ ሰው ያያል ወይስ አያይም?» በሚል ክርክር ገጠምን። የ«ያያል» ወገን በደንብ ተዘጋጅቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ከ1.2 ሚሊዮን ፎቶ የተማረ ፕሮግራም በፎቶ ላይ ያለውን ነገር በመለየት ውድድር ስሕተቱን ወደ 15 በመቶ ሲያወርድ፣ ሁለተኛ የወጣው 26 በመቶ ላይ መቅረቱን ጠቀሱ። ከተቃራኒው ወገን አንዲት ልጅ ተነሣች። «ታናሽ ወንድሜ ሁለት ዓመቱ ነው። የሚያውቀው ጀበና የእኛን ቤቱን ብቻ ነው፤ አንድ ቀን ጣቱን አቃጥሎታል። ትናንት ደብተሬ ላይ በእርሳስ ስስልለት ‹ያቃጥላል› ብሎ እጁን ሰበሰበ» ብላ ተቀመጠች።

ነጥቡን ለእነርሱ ሰጠሁ። የ«ያያል» ወገን እስከ ዛሬ ቅር ብሎታል። እኔ ግን የወደፊቱን የማየው ከዚያ ሕፃን ጣት ጋር ነው። ካሜራ ብናበዛለት ብቻ የትም የሚደርስ አይመስለኝም፤ የሚነካ፣ የሚያነሣ፣ ጥሎም የሚሰብር ኮምፒውተር ነው እንደ ሰው ወደ ማየት የሚቀርበው።

በክረምቱ የቀሩት አባላት ጀበናውን በሲሚንቶ፣ በአልጋ፣ በሣርና በደረጃ ላይ እያስቀመጡ እንደገና ፎቶ ያነሣሉ። ያዋሱን የላውንጁ ቡና አፍይ እማማ ግን፣ ጡቱ ተሸርፎ ከተመለሰ ለክበቡ ሁለተኛ ስኒ እንኳ እንደማያውሱ ነግረውናል።