ለሃምሳ ጫጩት ብሎ ጋራዥ ሙሉ ማሞቅ ኪሳራ ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሐዋሳ ውስጥ ከግቢው ጥግ ለብቻው የቆመ፣ መኪና የማይገባበት ጋራዥ ሁሉ የጫጩት ቤት እየሆነ ነው። ስለ መኖና ስለ ክትባት ባለሙያው ይናገራል፣ ይጻፋልም። የማሞቂያ ምክር ግን ሰው የሚያገኘው ከጎረቤት ነው። ጎረቤት ደግሞ ወይ «ከሰል አስገባበት» ይላል፣ ወይ «ሂተር ግዛ»። ሁለቱንም አንመክርም።

45 ቀን የሞላቸውን ለሚገዛ ሰው ይህ ደብዳቤ ብዙም አይጠቅመውም፤ ላባ ስላወጡ የሐዋሳን ሌሊት ይችሉታል። ጣጣው ርካሽ ነው ብሎ የአንድ ቀን ጫጩት ለሚያመጣው ነው። እሱ በመጀመሪያው ሳምንት፣ በጫጩቷ ጀርባ ከፍታ ሲለካ፣ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ማቅረብ አለበት። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ አምስተኛው ሳምንት ላይ ወደ 21 ይደርሳል። ከህዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ወደ 10 እና 12 ዲግሪ ሲወርድ ክፍተቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ነው።

አሁን ሂሳቡን እንመልከት። 3 በ6 ሜትር የሆነ፣ ኮርኒስ የሌለው ባለ ቆርቆሮ ጋራዥ ውስጡ 32፣ ውጪው 12 ዲግሪ ቢሆን በጣሪያው ብቻ ከ2 ኪሎዋት በላይ ሙቀት ያመልጣል። ለ12 ሰዓት ሌሊት 24 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው፤ ግድግዳውና የላሜራ በሩ ገና አልተቆጠሩም። ደግሞስ ያ ሁሉ ሙቀት የት ይሄዳል? ሞቃት አየር ቆርቆሮው ሥር ይንሳፈፋል፣ ጫጩቷ ሲሚንቶው ላይ ትንቀጠቀጣለች።

ሂተሩ ሌላም አደጋ አለው። ባለ 2000 ዋቱ በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል። ወደ ጋራዡ የተዘረጋው ገመድ ግን ብዙ ጊዜ ለአንድ አምፖል ታስቦ የተሳበ ቀጭን ሽቦ ነው። ብሬከሩ 16 አምፔር ከሆነ 9 አምፔር አያወርደውም፤ ስለዚህ ብሬከሩ ሳይወርድ ገመዱ ይቀልጣል። «ብሬከር አለን» ብሎ መተማመን እዚህ ላይ አይሠራም።

ስለ ከሰሉ አንድ የተሳሳተ እምነት አለ፦ የሚያፍነው ጭሱ ነው፣ ፍሙ ከቀላ በኋላ ምንም አይልም ይባላል። ውሸት ነው። የቀላ ፍም ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም። በሩን ዘግቶ ጫጩቶቹን ሲጠብቅ የሚያሸልብ ሰው ላይነቃ ይችላል። ጫጩቶቹም ጠዋት ሞተው ሲገኙ በሽታ ገብቷል ተብሎ መድኃኒት ይገዛል። ባይገድል እንኳ ከሰል ማታ ያቃጥላል፣ ብርዱ በሚጠናበት ሌሊት 10 ሰዓት ላይ አመድ ይሆናል።

ርካሹ መንገድ ጋራዡን እንዳለ ትቶ ጫጩቶቹ ያሉበትን አንድ ሜትር ብቻ ማሞቅ ነው። ለ50 ጫጩት 45 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ካርቶን ወይም ኮምፐርሳቶ ክብ አድርጎ ማቆም፤ የክቡ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 1.2 ሜትር ይበቃል። ማዕዘን አይኑረው፣ ጥግ ላይ ተደራርበው ይተፋፈናሉ። ወለሉ ላይ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ሰጋቱራ ይነጠፋል። ዱቄት የሚመስለውን ተዉት፣ መተንፈሻቸውን ይጎዳል፤ ከእንጨት ቤት መላጊያው የሚያወጣውን ሻካራ ቅርፊት ጠይቁ። ለመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ሰጋቱራውን እንዳይለቅሙ ላዩ ላይ ጆንያ ይዘርጋ። ጋዜጣ የሚያነጥፍ አለ፤ ያንሸራትታቸዋል፣ እግራቸው ተከፍቶ ይቀራል። ጋዜጣችሁን ለንባብ ይተዉልን።

ለሙቀቱ በአንድ ጫጩት 2 ዋት ያህል እናስባለን። አንድ ባለ 100 ዋት አምፖል ከመስቀል ሁለት ባለ 60 ይሻላል፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ሌሊቱን ያሳድራል። አሮጌው፣ ክር ያለው አምፖል መሆኑን አረጋግጡ። ቆጣቢው አምፖል ብርሃን እንጂ ለጫጩት የሚበቃ ሙቀት አይሰጥም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ፖርታላምፓው የሸክላ ይሁን፣ የፕላስቲኩ ይቀልጣል። አምፖሉ በሽቦ ወይም በሰንሰለት ይንጠልጠል እንጂ በራሱ ኤሌክትሪክ ገመድ አይሰቀል፤ ሰጋቱራው ላይ ከወደቀ ጋራዡ ይቃጠላል። ከላዩ ያረጀ የብረት ሳህን ይደፋበት፣ ከፍታው ከሰጋቱራው 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ውሃ መጠጫው ከሥሩ አይቀመጥ፤ የጋለ አምፖል ውሃ ሲነካው ይፈነዳል። ሁለቱ አምፖሎች 24 ሰዓት ቢበሩ 2.9 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከላይ ካለው 24 ጋር አስተያዩት።

ማሞቂያው ጫጩቶቹ ከመምጣታቸው ቢያንስ 12 ሰዓት ቀድሞ ይብራ። ይህን የሚዘል ሰው አየሩን ለክቶ 33 ዲግሪ አገኘሁ ይላል፣ ሲሚንቶው ግን ገና ቀዝቃዛ ነው፤ በመጀመሪያው ሌሊት የሚሞቱት በዚህ ነው።

ቴርሞ ሜትር ከሌለ ጫጩቶቹን ማየት ነው። አምፖሉ ሥር ተጨናንቀው ከጮኹ በርዷቸዋል፤ ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል፣ አምፖሉ ከፍ ይበል። ሁሉም በአንድ ወገን ከተጠጉ ከተቃራኒው ንፋስ እየገባ ነው፤ የበሩን ሥር በጨርቅ ዝጉ። ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍተት ግን አትድፈኑ። እሱ ከተደፈነ እርጥበቱ ይታመቃል፣ ሰጋቱራው ይበሰብሳል፣ ዓይን የሚያቃጥለው የአሞኒያ ሽታ ይመጣል።

መብራት ሲጠፋስ? እዚህ ላይ ከሰሉ ይጠቅማል፣ ግን ከውጪ። ሐዋሳ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። 15 ሊትር የፈላ ውሃ ከ5 ሊትር ቀዝቃዛ ጋር ቢቀላቀል 75 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ይህ የ20 ሊትር ጀሪካን እስከ 35 ዲግሪ እስኪቀዘቅዝ የሚለቀው ሙቀት 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ አንድ ባለ 100 ዋት አምፖል በ9 ሰዓት ከሚሰጠው ጋር እኩል። ቀዝቃዛው ውሃ መጀመሪያ ይግባ፣ የፈላውን ብቻውን ከሞላችሁት ጀሪካኑ ይለሰልሳል። ክዳኑ ጠብቆ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ ክቡ መሃል ይቁም፤ ክቡም ከላይ አየር በሚያስገባ ስስ ጨርቅ ይከደን። መብራት ሲመጣ ጨርቁ አምፖሉ ከመብራቱ በፊት ይነሳ።

በሁለተኛው ሳምንት ክቡ ይስፋ። የሐዋሳ ቀን ስለሚሞቅ ከ10ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ አምፖሉን እኩለ ቀን ላይ ማጥፋት ይቻላል፤ እንዲያውም ቆርቆሮው በፀሐይ ሲግል በሩን መክፈት ያስፈልጋል። የሌሊቱን ግን በአንድ ጊዜ አታቋርጡ፤ ከሁለቱ አምፖል አንዱን አጥፍታችሁ ሁለት ሦስት ሌሊት እዩ፣ ካልተጨናነቁ ሁለተኛውንም አጥፉ።

በዶሮ እርባታ ሙያ ላይ ያለን አንባቢዎች
ከሐዋሳ