ከመልመጃው በፊት ልኬቱ ይቅደም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ደስታን ይጨምራሉ ስለሚባሉ ቀላል መልመጃዎች ባለፈው እትማችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማታ ማታ ሦስት መልካም ነገር ጻፉ፣ ባለውለታችሁን አመስግኑ፣ ፈገግ በሉ ይላል። ምክሩን አልቃወምም። እኔም ሞክሬዋለሁ። ግን አንድ ነገር ጎድሎታል። እሱ ሳይሟላ አንባቢው መልመጃው ይሥራለት አይሥራለት የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ለ34 ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። ላብራቶሪ ስንገባ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምላቸው ነገር ነበር፦ እሳቱን ከመለኮሳችሁ በፊት የውኃውን ሙቀት አንብባችሁ ጻፉ። ይህን ያልጻፈ ተማሪ መጨረሻ ላይ 60 ዲግሪ ቢያነብም ውኃው ምን ያህል እንደሞቀ ሊነግረኝ አይችልም። የእናንተ ጽሑፍ አንባቢውን በቀጥታ ወደ እሳቱ ነው የወሰደው።

ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በዚህ መሀል ያልሰማሁት ምክር የለም። “አትተክዢ”፣ “ሳቂ”፣ “ደስታሽ በእጅሽ ነው።” ሰዎቹ አዝነውልኝ እንደሚሉት አውቃለሁ። ግን ደስታሽ በእጅሽ ነው የተባለ ሰው ደስ ሳይለው ሲቀር ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። በሐዘኑ ላይ ሌላ ሸክም ይጨመርበታል። ለዚህ ነው ነገሩን በለመድኩት መንገድ ልፈትነው የተነሳሁት።

አንድ ደብተር ለዚሁ ጉዳይ ለየሁ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ውሎዬን ከ0 እስከ 10 ቁጥር እሰጠዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ቁጥሯን ብቻ እንጂ ምንም መልመጃ አልሠራሁም። አማካዩ 4.6 መጣ። ከዚያ በኋላ ለአሥር ሳምንት፣ እሑድ እሑድ ማታ ሳንቲም ወረወርኩ። በአንደኛው ገጽ ካረፈ ሳምንቱን ሙሉ በየቀኑ የገጠሙኝን ሦስት ደህና ነገሮች ከነምክንያታቸው እጽፋለሁ። በሌላኛው ካረፈ ከልጅነቴ የማስታውሰውን አንድ ነገር እጽፋለሁ።

የልጅነት ትዝታው ከራሴ የመጣ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማርቲን ሴሊግማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት 577 ሰዎች በኢንተርኔት ተመዝግበው ነበር። እያንዳንዱ ሰው አንድ መልመጃ በዕጣ ደረሰው፤ የሚሠራውም ለአንድ ሳምንት ነው። አንደኛው ቡድን ማታ ማታ የልጅነት ትዝታ እንዲጽፍ ብቻ ተነገረው። ይህ ቡድን በመድኃኒት ሙከራ ውስጥ መድኃኒት የሌለበት ክኒን እንደሚሰጣቸው ሰዎች ነው። የሚገርመው፣ እነሱም በመጀመሪያው ሳምንት ደስታቸው ጨመረ። ወዲያው ደግሞ ወደነበረበት ተመለሰ። ሦስት መልካም ነገር የጻፉት ግን ከስድስት ወር በኋላም ልዩነት ይታይባቸው ነበር። በተለይ ሳምንቱ ካለቀ በኋላ ማንም ሳያዛቸው የቀጠሉት።

እንግዲህ አስቡት። የማነጻጸሪያው ቡድን ባይኖር ኖሮ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የልጅነት ትዝታ መጻፍም የደስታ መድኃኒት ነው ተብሎ በየጋዜጣው ይወጣ ነበር።

የእኔ ውጤት ይኸውና። ሦስት ነገር የጻፍኩባቸው ሳምንታት አማካይ 5.7፣ ትዝታ የጻፍኩባቸው 5.4። ሁለቱም ከመነሻው በልጠዋል። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ ደብተሬን ወደኋላ ገለጥኩ። በእነዚያ የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ጥርሴን ያመኝ ነበር፤ አራት ሌሊት በቅጡ አልተኛሁም። ስለዚህ ከ4.6 የተነሳው ጭማሪ ምን ያህሉ የመልመጃው፣ ምን ያህሉ የጥርሴ እንደሆነ መለየት አልችልም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። መልመጃ የምንጀምረው በባሰብን ሰሞን ነው። የባሰብን ሰሞን ደግሞ ብዙ ጊዜ በራሱ ያልፋል። ምስጋናውን መልመጃው ይወስዳል። ላምነው የምችለው በሳንቲም የለየኋቸውን ሳምንታት ልዩነት ነው፤ እሱም 0.3 ነው። ትንሽ ነው። በአንድ ሰው ደብተር ደግሞ ምንም ላይሆንም ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ያየሁት ከሙከራው ውጭ ያደረግኩትን ነው። ባለቤቴ ታምሞ በነበረ ጊዜ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ክፍሎቼን ስትሸፍንልኝ ነበር። በቅጡ አላመሰገንኳትም። አንድ ገጽ ተኩል ጻፍኩና ቤቷ ሄጄ አነበብኩላት። መሀል ላይ ድምፄ ተቆረጠ፤ የቀረውን እሷ ወስዳ አነበበችው። የዚያን ማታ 9 ጻፍኩ። ባልቴት ከሆንኩ ወዲህ 9 ጽፌ አላውቅም ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቁጥሬ ወደ አምስት ተኩል ተመልሷል። በ2005ቱ ጥናትም ከፍተኛውን ጭማሪ ያመጣው ይኸው የምስጋና ጉብኝት ነበር። ከአንድ ወር በኋላም ይታይ ነበር፤ በሦስተኛው ወር ግን ጠፍቷል። ይህን አስቀድሜ ባላውቅ ኖሮ ቁጥሬ ሲወርድ በራሴ አዝን ነበር።

ስለ ፈገግታውም አንድ ነገር ልበል። እስክሪብቶ በጥርስ ነክሶ ፊትን ወደ ፈገግታ ማስገደድ ቀልድን የበለጠ ያስቃል የሚለው የ1988ቱ ዝነኛ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2016 በ17 ላብራቶሪዎች ተደግሞ ያው ውጤት አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ የተሠራ ሰፊ ጥናት ፈገግታ ስሜትን በጥቂቱ ሊያነሳ እንደሚችል አሳይቷል። በጥቂቱ ነው። ለሐዘንተኛ “ሳቂ” ለማለት የሚያበቃ አይደለም።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስለዚህ ጉዳይ ስትጽፉ ባዶ ሠንጠረዥ አትሙልን። አሥራ አራት ረድፍ፣ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ቁጥር፣ ከጎኑ ደግሞ እንቅልፍና ሕመም የሚመዘገብበት ጠባብ ቦታ። መልመጃው ከአሥራ አምስተኛው ቀን ይጀምር። እንቅልፍ አጥቶ ለሳምንታት ከአልጋው መነሳት ያቃተው ሰው ሠንጠረዥ ሳይሆን ሐኪም እንደሚያስፈልገው ከሥሩ ጻፉበት። ሠንጠረዡን አዘጋጅቼ ልልክላችሁ ፈቃደኛ ነኝ። አንባቢዎች ቁጥራቸውን ቢልኩላችሁም ቁጭ ብዬ እደምራለሁ፤ ጊዜው አለኝ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረታ የወጣች የፊዚክስ መምህርት