«ወረቀት ነው እኮ»

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። የልጅ ልጅሽ የፊት ጥርሷ ወልቆ «ሰ» ማለት አቅቷታል። ስትስቅ ብታያት!

«ኮሚክስ ምንድን ነው?» ብለሽኝ ነበር። ቸርችል ጎዳና የሚሸጠውን፣ 44 ሳጥን ያለውን የንግሥተ ሳባ ሥዕል ታውቂው የለ? እሱን ቆራርጠሽ ብትሰፊው ኮሚክስ ወጣው። የእኔ 24 ገጽ ነው። ወረቀቱ ታጥፎ መሐሉ ላይ ስለሚመታ የገጹ ብዛት ለአራት መካፈል አለበት። ታሪኩ 22 ላይ አለቀብኝ። በቀሩት ሁለት ገጾች ቡና ስትቀጂ ሣልኩሽ፣ አንድ ጠብታ ሳታፈሺ።

ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ ቡዝ ውስጥ ነው የሠራሁት። አማርኛው ከእንግሊዝኛው ስላጠረ የንግግሩ ክብ ግማሹ ባዶ ቀረ፤ ሁሉንም እንደገና ሣልኩ። 200 ቅጂ በራሴ ገንዘብ አሳተምኩ። ስቴፕለር መቺዋም እኔ፣ ሻጯም እኔ። መስከረም ላይ እዚህ አሜሪካ ቤተዝዳ በሚባል ቦታ፣ ስሞል ፕሬስ ኤክስፖ የሚባል በ1994 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ትርኢት አለ። እንደኔ ራሳቸው የሚያሳትሙ የሚሰበሰቡበት ነው። ከጓደኛዬ ጋር ጠረጴዛ ተጋርቼ 61 ሸጥኩ። የቦታው ስም ያው የመጻጉዕ ቤተ ሳይዳ ነው፣ ጠበሉ የለውም እንጂ።

«እንዴት ጀመርሽ?» ይሉኛል። ያንን ግን አልነግራቸውም። ሰባተኛ ክፍል ሆኜ የሣልኩበትን ደብተር ገነጣጥለሽ ለሱቁ ቆሎ ጠቀለልሽበት። ሳለቅስ «ወረቀት ነው እኮ» አልሽኝ። እስካሁን አልወጣልኝም። በሳምንቱ የሰፈር ልጆች ሱቁ በር ላይ ተሰልፈው «ሌባው ተያዘ?» እያሉ የቀጣዩን ገጽ ቆሎ ሲጠይቁ አላየሽም? ወይስ አይተሽ ዝም አልሽ?

ስኳርሽን እየተለካሽ ነው? ኢንሱሊኑን ፍሪዘር ውስጥ እንዳትከቺው፤ በረዶ ከሠራ ተበላሸ ማለት ነው።

ወንድሜ ደውሎልኝ ነበር። ሲኒውን ስተሽ ቡናውን ረከቦቱ ላይ ቀድተሻል አለኝ። «ጨልሞ ነው» ብለሻል አሉ። በቀን ስምንት ሰዓት፣ እማዬ? ስኳር ዓይንን ሳያሳምም ነው የሚጎዳው። ዶክተሩ ጋ በዓመት አንዴ ሂጂ ብዬሽ አልነበር?

መጽሐፉን በሰው ልኬልሻለሁ። ማንም እንዳያነብልሽ። ቡና የምትቀጂበት ገጽ ላይ፣ ነጠላሽ ጫፍ ጋ አንድ ትንሽ ነገር ሥያለሁ። እሁድ ስደውል ምን እንደሆነ ንገሪኝ።

ልጅሽ