ቤዝቦል የሚያሰለቸው ያለ እርሳስ ሲያዩት ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

«ቆመው ይተያያሉ እንጂ ምን ይጫወታሉ?» በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በምንኖር ሐበሾች ዘንድ ስለ ቤዝቦል የሚሰጠው ፍርድ ብዙውን ጊዜ ከዚህች አያልፍም። እግር ኳስ እያየ ያደገ ሰው ይህን ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም እዚህ ተወልዶ ጓንት አጥልቆ የሚውል ልጅ ያለው ወላጅ፣ የከተማዋ ቡድን ናሽናልስ የሚጫወትበት ናሽናልስ ፓርክ ድረስ ሄዶ፣ የቲኬቱንም የምግቡንም ከፍሎ፣ ሙሉውን ጨዋታ ስልኩን ሲነካካ ማምሸቱ ያሳዝናል። የእናንተም የስፖርት ገጽ ከሚያዝያ እስከ መስከረም የእንግሊዝ ክለቦችን ዝውውር እየተነተነ፣ በባቡር በሚደረስበት ርቀት በየሳምንቱ ስለሚደረገው ጨዋታ አንድ መስመር አይጽፍም። ይህ ደብዳቤ ክፍተቱን በጥቂቱ ለመሙላት ነው።

«ይረዝማል» ለሚለው ወቀሳ ሊጉ ራሱ መልስ ሰጥቶበታል። በ2022 አንድ የሜጀር ሊግ ጨዋታ በአማካይ 3 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። በ2023 ኳሱን ለመቺው በሚወረውረው ተጫዋች፣ በፒቸሩ፣ ላይ ሰዓት መቆጠር ሲጀምር ወደ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወረደ። ቤዝ ላይ (መቺው ከመታ በኋላ እየሮጠ ከሚይዛቸው የሜዳው ማዕዘኖች በአንዱ) ሯጭ ከሌለ ፒቸሩ 15 ሴኮንድ አለው፤ ሯጭ ካለ መጀመሪያ 20 ነበር፣ ከ2024 ወዲህ 18 ነው። ካሳለፈ አንድ ቦል፣ ማለትም የተበላሸ ውርወራ፣ ይቆጠርበታል፤ አራት ቦል መቺውን በነጻ ወደ አንደኛው ቤዝ ያሳልፈዋል። መቺውም ሰዓቱ 8 ሴኮንድ ሲቀረው ተዘጋጅቶ ካልተገኘ ስትራይክ ይቆጠርበታል፤ ሦስት ስትራይክ ያስወጣዋል።

«ያሰለቻል» ለሚለው ግን ሰዓቱ መልስ አይሆንም። የእኛ መልስ እርሳስና ስኮርካርድ፣ ማለትም ጨዋታው ምት በምት የሚመዘገብበት ወረቀት፣ ነው። ከኢንተርኔት አትሞ መውሰድ ይቻላል፤ ደብተር ላይ ማስመርም ያው ነው፦ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ገጽ፣ ወደ ታች ዘጠኝ መቺዎች፣ ወደ ጎን ዘጠኝ ኢኒንግ (ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር)፣ ጨዋታው ቢራዘም ሦስት ትርፍ ዓምድ። በየመቺው ስም ሥር አንድ ባዶ መስመር ይተው፤ ተቀያሪ ሲገባ ቦታ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። እስክሪብቶ አይያዝ። ኳሱ የመቺው ትክክለኛ ምት ነው ወይስ የተከላካዩ ስሕተት የሚለውን የሚወስነው ኦፊሴላዊው መዝጋቢ ነው፤ እሱ ደግሞ ሐሳቡን ይቀይራል።

ዋናው ቁልፍ የቦታ ቁጥር ነው። ፒቸሩ 1፣ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ የሚቀልበው ካቸር 2፣ የአንደኛው ቤዝ ጠባቂ 3፣ የሁለተኛው 4፣ የሦስተኛው 5፣ ሾርትስቶፑ 6። ከኋላ ሳሩ ላይ ያሉት ሦስቱ ከመቺው ግራ ወደ ቀኝ 7፣ 8 እና 9 ናቸው። ጀማሪ የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው በማሊያው ጀርባ ያለውን ቁጥር መጻፍ ነው። ሁለተኛው ሾርትስቶፑ የሚቆመው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ስለሆነ 5 እሱ ይመስላል፤ አይደለም። ይህ ከተያዘ «6-4-3» የሚለው ጽሑፍ ሙሉ ታሪክ ይሆናል፦ ኳሱ መሬት ለመሬት ወደ ሾርትስቶፑ ሄደ፣ እሱ ለሁለተኛው ቤዝ ጠባቂ ወረወረ፣ ያም ለአንደኛው፣ በአንድ ምት ሁለት ሰው ወጣ። በሦስት ስትራይክ የወጣ መቺ «ኬ» የተባለችው የላቲን ፊደል ትጻፍለታለች፤ ሦስተኛውን ዱላውን ሳያነሣ ቆሞ ካሳለፈው ፊደሏ ወደ ኋላ ዞራ ትጻፋለች። ሯጩ ቤዝ በያዘ ቁጥር በሣጥኑ ውስጥ ካለው ዳይመንድ፣ የቤዞቹን አቀማመጥ ከሚያሳየው የአልማዝ ቅርጽ፣ አንድ ጎን ይሠመራል፤ ዞሮ መቺው የሚቆምበትን ሆም ፕሌት ከረገጠ ነጥብ ነውና ዳይመንዱ ይጠቆራል። አውት የሆነ፣ ማለትም የወጣ፣ ሰው ደግሞ ስንተኛ አውት እንደሆነ ተጽፎ ይከበባል፤ ሦስተኛው አውት የቡድኑን የመምቻ ተራ ይዘጋል።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት የከተማችን ቡድን ደጋፊ ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ኢኒንግ እንውሰድ። ጥቅምት 1 ቀን 2019 በፈረንጆች፣ ናሽናልስ ፓርክ፣ አሸናፊው አልፎ ተሸናፊው ወደ ቤቱ የሚሄድበት ጨዋታ። እንግዳው ሚልዋኪ 3 ለ1 እየመራ ስምንተኛው ኢኒንግ ደረሰ፤ የመምታት ተራው የናሽናልስ ነው። ሮብልስ፦ ኬ። ቴይለር በፒቸሩ ኳስ ተመትቶ ወደ አንደኛው ቤዝ ሄደ። ተርነር፦ ኬ። ሁለት አውት። ዚመርማን በሌላ መቺ ምትክ ገብቶ መታና ቤዝ ያዘ፤ በእሱ ፈንታ ስቲቨንሰን እንዲሮጥ ገባ። ሬንዶን በአራት ቦል አለፈ፤ ሦስቱም ቤዞች ሞሉ። ሶቶ ወደ ቀኝ መታ፤ በመዝገቡ ላይ አንድ ቤዝ የሚያስይዝ ተራ ምት ነው። ነገር ግን 9 ቁጥሩ ኳሱን ሳይዘው ሾልኮት አለፈ፤ ስለዚህ ከምቱ አጠገብ «ኢ 9» ይጻፋል፣ የ9 ስሕተት ማለት ነው። ሦስቱም ሯጮች ገቡ፤ ከአንደኛው ቤዝ የተነሣው ሬንዶን እስከ ሆም ድረስ መምጣት የቻለው በዚያ ስሕተት ነው። ሶቶ ራሱ ቤዞች መካከል ተይዞ ሦስተኛው አውት ሆነ። 4 ለ3። ያ ቡድን በዚያው ወር በ30ኛው ቀን ሂውስተን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ከተማዋ ከ1924 ወዲህ ያላየችው ዋንጫ ነው። በሰባተኛው ኢኒንግ «ትራፊክ ይቀድመናል» ብለው የወጡ ሰዎች ምን እንዳመለጣቸው ራሳቸው ያውቃሉ።

አሁን ሒሳቡን እንይ። ኢኒንግ ባለቀ ቁጥር ከአንዱ ቡድን ለመምታት የቀረቡት ሰዎች ብዛት፣ ከገቡት ነጥቦች፣ ከአውቶቹና ቤዝ ላይ ከቀሩት ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። በዚያ ኢኒንግ 6 ሰው ቀረበ፤ 3 ነጥብ፣ 3 አውት፣ የቀረ ሯጭ የለም፤ ልክ ነው። ካልገጠመ አንድ ሣጥን ተዘሏል ማለት ነው፤ ቀጣዩ ኢኒንግ ሳይጀመር ይፈለግ፣ በኋላ አይገኝም። ከአሥረኛው ኢኒንግ ጀምሮ ሒሳቡ በአንድ ይፋለሳል፤ በመደበኛው ውድድር እያንዳንዱ ቡድን ሁለተኛው ቤዝ ላይ ባስቀመጡለት ሯጭ ስለሚጀምር ለቀረቡት ሰዎች አንድ ይደመራል። ለአሥር ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ የሒሳብ ጨዋታ አናውቅም።

ሌሎች የሚያደናግሩ ነገሮችም አሉ። ዘጠኙም መቺዎች በአንድ ኢኒንግ ዞረው ካለቁ የሚቀጥለው ዓምድ ውስጥ ይገባና የኢኒንጉ ቁጥር ከላይ ይታረማል። ሁለት ስትራይክ ካለ በኋላ ፋውል የወጣ፣ ማለትም ከመስመር ውጭ የተመታ፣ ኳስ ሦስተኛ ስትራይክ አይሆንም፤ መቺው ዱላውን ዘርግቶ ኳሱን ቀስ ብሎ ለመንካት (በንት) ሲሞክር ፋውል ካደረገው ግን ይወጣል። ካቸሩ ሦስተኛውን ስትራይክ ካልያዘው፣ አንደኛው ቤዝ ባዶ ከሆነ ወይም ሁለት አውት ካለ፣ መቺው ሮጦ ማምለጥ ይችላል፤ ኬ ይጻፋል፣ አውት ግን አይቆጠርም። ዘመድ ከዘመድ የሚያጨቃጭቀው ደግሞ ኢንፊልድ ፍላይ የሚባለው ነው። ከሁለት በታች አውት እያለ አንደኛውና ሁለተኛው ቤዝ፣ ወይም ሦስቱም፣ ሲያዙና ኳሱ ቅርብ ላሉት ተከላካዮች ለመቅለብ ቀላል ሆኖ ወደ ላይ ሲነሣ፣ ዳኛው ኳሱ ሳይወርድ መቺውን ያወጣዋል። ባይሆን ተከላካዩ አውቆ ይጥለውና ከመሮጥ የተቆጠቡትን ሯጮች በአንዴ ሁለቱን ያስወጣ ነበር።

ሥራው ለቤተሰቡ ይከፋፈል። ትንሹ ልጅ ቦልና ስትራይክ በጣቱ ይቁጠር፣ ተለቅ ያለው ይጻፍ፣ ጓደኛ ከመጣ የእንግዳውን ቡድን ገጽ ይስጡት። ኳሱን ብቻ የሚያይ ሰው ግማሹን ያጣል፤ ኳሱ ሳይወረወር ተከላካዮቹ በየትኛው እግር ወደየት እንደተጠጉ ማየት ነው። ይህ ደግሞ ጥሩ መቀመጫ ይፈልጋል። ውዱ ወንበር ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። ለመዝጋቢ ከሆም ፕሌት በስተጀርባ ያለው ላይኛው ፎቅ፣ ታች ሜዳው ዳር ካለው ይበልጥበታል፤ ዘጠኙም በአንድ ዓይን ይታያሉ። አያት ወይም ሕፃን ይዞ በቀን የሚመጣ በሦስተኛው ቤዝ በኩል ይቁረጥ፤ ፀሐይዋ ከዚያ ጀርባ ስለምትወርድ ጥላው ቀድሞ የሚመጣው እዚያ ነው። የናሽናልስ ተጫዋቾች ተቀምጠው የሚታዩት ግን በአንደኛው ቤዝ በኩል ነው፤ ልጅ ይህን ፈልጎ ቢያለቅስ ኮፍያና ውሃ ይዞ መታዘዝ ነው። በ2020 በሠላሳዎቹም የሊጉ ስታዲየሞች ተመልካቹን ከኳስ የሚከላከለው መረብ ረዝሟል። ከመረቡ ውጭ ከተቀመጡ ግን 145 ግራም ገደማ የምትመዝን ጠንካራ ኳስ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ከዱላው ልትነሣ እንደምትችል አይረሳ። መቺ ሲቆም ስልክ ይቀመጥ።

ስለ ምግብ። ውድድሩ የሚከፈተው በመጋቢት መጨረሻ ገደማ በፈረንጆች ስለሆነ ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ይወድቃል፤ ነሐሴ ላይ ደግሞ ፍልሰታ አለች። ሆት ዶግና አይብ የፈሰሰበት ናቾ የሚሸጥበት ቦታ ጿሚውን ያስርበዋል ብሎ መስጋት አያስፈልግም፤ የቤዝቦል ጥንታዊ መክሰስ የተቆላ ኦቾሎኒ ነው። ለየሰው በትንሽ ከረጢት የተቋጠረ ምግብና ያልተከፈተ የላስቲክ ውሃ ይዞ መግባት ሲፈቀድ ቆይቷል፤ ቆሎም በዚሁ ያልፋል። የቦርሳ ደንቡ ግን ስለሚለዋወጥ ከቤት ሳይወጡ የቡድኑን ገጽ ማየት ይሻላል። ውስጥ የሚከፈለው በካርድ ብቻ ነው። በአራተኛው ኢኒንግ መካከል የድሮ ፕሬዚዳንቶችን መልክ የያዘ ትልቅ ጭንብል ያጠለቁ ሰዎች የሚሽቀዳደሙበት ሩጫ ስላለ ልጆችን ሽንት ቤት የሚወስድ ከዚያ በፊት ይውሰድ። በፈረንጆች 2006 በተጀመረው በዚህ ሩጫ ቴዲ ሩዝቬልት እስከ ጥቅምት 2012 አንድ ጊዜም አላሸነፈም ነበር።

እሑድ ጨዋታው ብዙ ጊዜ በአሜሪካ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 1:35 ይጀምራል፤ ቅዳሴ ለሚያስቀድስ ይደርሳል። ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚመጣ በቀዩ መስመር ሁለት ፌርማታ ሄዶ ፎርት ቶተን ላይ ወደ አረንጓዴው ይቀይር፤ ከአሌክሳንድሪያ በቢጫው የሚመጣ ላንፋንት ፕላዛ ላይ። መውረጃው ኔቪ ያርድ ነው። ሲያልቅ ጣቢያው በር ላይ ከመጋፋት ወደ ዋተርፍሮንት ጣቢያ ሃያ ደቂቃ ያህል በእግር መሄድ ይቀላል። እራት ያላለቀለት ያው አረንጓዴ መስመር ዩ ስትሪት ያወርደዋል፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶቹን ለእናንተ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

የምንጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። በስፖርት ገጹ ጥግ ላይ የሳምንቱን የሜዳችን ጨዋታዎች ከነሰዓታቸው፣ የጾም ቀን የሆኑትን ምልክት አድርጋችሁ አውጡልን። ቦታ ከተረፈም ከጎኑ ባዶ ስኮርካርድ አትሙ፤ ተቆርጦ የሚወሰድ።

የጋዜጣችሁ አንባቢዎች፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ