ከእናትዬ ቁልቁለት በኋላ

ግንቦት 2010 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ

እህትዓለም፣ እንደምን ከረምሽ?

ሰባት ወር ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ አሁን ደብዳቤ ስልክልሽ እንደምትቆጪ አውቃለሁ። ተቆጪ። ግን አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ጥቅምት ላይ ሰሜን ተራሮች ሄጄ ነበር። ያለ አንቺ።

አዎ፣ ዩኒቨርሲቲ እያለን «ራስ ደጀን አብረን ነው የምንወጣው» ብለን የተማማልንበት መንገድ ነው። የቢሮ ልጆች አንድ ሰው ጎደለን አሉኝ። ልደውልልሽ አስቤ ፈራሁና ዝም ብዬ ሄድኩ። ስመለስ በፎቶ አባብላታለሁ ብዬ ነበር። የተመለስኩት ግን እያነከስኩ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንዴት ያምሩ ነበር! ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ግጭ 3,600 ሜትር ላይ ስናድር ብርዱ አያስተኛም። ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ጭጋግ ውስጥ ሰው መስሎ ይቆማል። በሦስተኛው ቀን እሜት ጎጎ የሚባለውን አፋፍ አይተን፣ እናትዬ የሚባለውን ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ጫፍ ወጣን። ከዚያ ጨነቅ ወደሚባለው ማደሪያ ቁልቁል። ሰው ዳገት ላይ ይጠነቀቃል፣ ቁልቁለት ላይ ስለ ምሳው ያስባል። እኔም ሽሮ እያሰብኩ ጠጠር ረገጥኩ። ጉልበቴ ቀድሞም ዝሎ ነበር። ቀኝ እግሬ ወደ ውስጥ ታጠፈና ጭራሮ እንደሚሰበር «ቀጭ» ሲል ሰማሁት። ከአፌ የወጣው «እናትዬ!» ነው። ስካውቱ፣ አብሮን የሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ፣ ተራራውን የጠየቅኩት መስሎት «አልፈነዋል እኮ» አለኝ።

ያዳነኝ በቅሎ ነጂው ነው። ጫማዬን ላወልቅ ስል እጄን ያዘኝ። «ካወለቅሽው ተመልሶ አይገባም» አለና ማሰሪያውን ትንሽ አላልቶ፣ ከላይ በሻርፔ ጠፍሮ አሰረልኝ። ከዚያ ድንኳኑን አውርዶ እኔን ጫነ። ጭላዳዎቹ ሣራቸውን ይነጫሉ፤ ቀና ብሎ ያየኝ እንኳ የለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥፋት የራሴ ነው። ጎንደር ላይ ራጅ መነሳት ሲገባኝ ወለምታ ነው ብዬ ወጌሻ ጋ ሄድኩ። በቅቤ አሸኝ፣ ጎተተኝ፣ ጮህኩ። እሱን አልወቅስም፤ ወለምታ ነው ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ። በዘጠነኛው ቀን እዚህ ራጅ ስነሳ የቁርጭምጭሚቴ የውጪው አጥንት ተሰንጥቋል። ስድስት ሳምንት ጀሶ።

ጠያቂው በዛ፣ ብርቱካኑም በዛ። ሁሉም «ምን ጥሎሽ ተራራ ወጣሽ?» ይላል። አንዲት የደባርቅ ሰው የሆኑ ጎረቤታችን ደግሞ «እኛ ያን ዳገት የምንወጣው ለገበያ ነበር፤ ለሽርሽርም ይወጣል እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

ከባዱ ጀሶው ከወለቀ በኋላ ያለው ነው። ባቴ ቀጥኖ የሌላ ሰው እግር መሰለኝ። ፊዚዮቴራፒስቷ «በአውራ ጣትሽ አየር ላይ ፊደል ጻፊ» አለችኝ። ፈረንጆቹ 26 ጽፈው ይገላገላሉ። እኔ 33ቱን በሰባት በሰባት ስጽፍ 231! ዐ ቀላል ናት፣ ማዞር ብቻ ነው። ጨ ግን ታስለቅሳለች። በመጀመሪያው ሳምንት ከመ አላለፍኩም። አሁን እስከ ፐ እደርሳለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ደረጃ ስወርድ ግን አሁንም እንደ አሮጊት መደገፊያውን ሙጭጭ ነው።

ያልደወልኩልሽ ለዚህ ነው። አመመኝ ብልሽ «ምንሽን?» ትያለሽ። እግሬን ስልሽ «የት ሄደሽ?» ትያለሽ። ያኔ መዋሸት ሊኖርብኝ ነው። ዝም ማለት ይሻላል አልኩ። አልተሻለም።

ራስ ደጀን አልደረስኩም። ከጨነቅ ወዲያ ያለውን አላየሁትም። ሐኪሙ ለጊዜው ሜዳ ሜዳውን ሂጂ ብሎኛል፤ ለሚመጣው ጥቅምት ግን እግሬ ይደርሳል። ፈቃድ ታገኛለሽ? ቁልቁለቱ ላይ አንቺ ከፊት ትሆኛለሽ። ስለ ምሳም አላስብም።

ያንቺዋ